ሩጫው ይቅደም ወይስ ገመዱ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ አዲስ በተከፈተው ጂም ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ደረስሁ። አንደኛዋ የጎረቤቴ የወይዘሮ ዘውዴ ልጅ ሰላም ናት። ሌላው አሠልጣኙ ናሆም ነው። ሰላም ብረት ማንሣቱን ማስቀደም ትፈልጋለች። ናሆም ደግሞ መጀመሪያ በመሮጫው ማሽን ላይ ላብ ሳይፈስ ብረት መንካት የለም ባይ ነው። እሷ ስልኳን አውጥታ ያየችውን ቪዲዮ ታሳየዋለች፤ እሱም የራሱን አውጥቶ ተቃራኒውን የሚናገር ሌላ ቪዲዮ ያሳያታል። በሁለቱም ቪዲዮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደረታቸው እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው፤ በመልካቸው እንኳ ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አይመችም።

"እትዬ ይታይሽ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" አለችኝ ሰላም። "ስንት ዓመት ስፖርት ያስተማሩት እርስዎ አይደሉ?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን መልሱን ያገኘሁበት ወቅት፣ የመስከረም ጭቃው፣ የተላጠው መዳፌ፣ የመምህሬ ፊሽካ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርሁ። ታስሮ የነበረውን ነው ደግሞ።

በልጅነቴ የምኖረው ማርቆስ ነበር፤ ቤቴ ግን ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። በዚያን ጊዜ ከእኛ ገጠር ወጥቶ ከፍተኛውን ክፍል የሚማር ልጅ ማርቆስ ቤት ይከራያል። ቅዳሜ በእግሩ ወይም የጭነት መኪና ለምኖ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሶውንና ቆሎውን፣ ድርቆሹንና በርበሬውን አዝሎ ይመለሳል። እኔ የተከራየሁት ከአትጠገብ ጋር ነበር። አትጠገብ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ። በድንጋይ ወፍጮ እየፈጨች ስላደገች ክንዷ የወንድ ክንድ ያስንቃል። እኔ ቀጭን ነበርሁ። የመጀመሪያ ደረጃ የተማርሁበት ትምህርት ቤት ከቤታችን ሩቅ ነበርና ጠዋት ደወል እንዳያመልጠኝ ስሮጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንዳይቀድመኝ ስሮጥ፣ እግሬ ሳላስበው የሯጭ እግር ሆነ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ለሁለታችንም ጥቂት ጎደለን። ሌላው ልጅ አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም፤ ተናደድሁ እንጂ። ክረምቱን በንዴት አረም ሳርም ከረምሁ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አትጠገብ ሰው ላከችብኝ። የስፖርት መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ተማሪ ሊቀበል ነው፤ የመግቢያ ፈተናው በጥቅምት መጨረሻ እዚያው ማርቆስ ሜዳ ላይ ይሰጣል አለችኝ። ፈተናው ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ ረጅም ሩጫ ነው፤ ሌላው የጉልበት፣ ማለትም ገመድ መውጣትና አሎሎ መወርወር። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ያልቃሉ፤ የትኛውን እንደሚያስቀድም ተፈታኙ ይመርጣል። በአንዱ የወደቀ በሌላው አንደኛ ቢወጣም አይገባም።

ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ቆይቶ ያቋረጠ ገበሬ ነው፤ ሲናገር ቃል ይመርጣል።

"ሂጂና ሞክሪ" አለኝ። "ካልሆነ ግን የማርቆሱን ቤት ልቀቂና ነይ። ሌላ ዓመት ተቀምጠሽ የምትጠብቂበት ስንቅ የለኝም።"

ቁጣ አልነበረበትም። ከእኔ በታች ያሉት ልጆች ተራቸውን ይጠብቁ ነበርና እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔም በሩ አንድ ብቻ እንደሆነ አውቄ፣ በሶዬን ቋጥሬ ወጣሁ።

ያሠለጠኑን መምህር ደረጀ ናቸው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስፖርት ያስተምሩን የነበሩ፣ በወጣትነታቸው ውትድርና ላይ ሳሉ ሯጭ የነበሩ ሰው ናቸው። ከአንገታቸው ፊሽካ፣ ከእጃቸው ሰዓት አይለይም። ለፈተናው የተመዘገብነውን ሁሉ ማንም ሳያዛቸው ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ሜዳ ይሰበስቡን ነበር። ሥርዓታቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሩጫ፣ ከዚያ ጉልበት። "ሞተር ሳይሞቅ ጭነት አይጫንም" ይላሉ፤ ከዚያ ፊሽካው ይነፋል።

መስከረም ማርቆስን ለማያውቅ ሰው ብርዱን መንገር ይከብዳል። ጉሙ ከጮቄ ተራራ በኩል ወርዶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከፊት የሚሮጠው ሰው አይታይም፤ ጭቃውን ሲረግጥ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሣሩ እስከ ጉልበት ያረጥባል። አደዩ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኖ ፈክቶ እኛን የሚታዘብ ይመስላል። እኔ ያን ብርድ እወደው ነበር። ጉሙን ሰንጥቄ ከሁሉ ፊት ስወጣ፣ ትንፋሼ ከአፌ እንደ ጭስ ሲወጣ፣ ከኋላዬ ያሉት አንድ በአንድ ሲቀሩ ዓለም የእኔ ትመስለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ታዲያ እስከ ዋንዛው ድረስ ነው። ከሩጫው በኋላ ካንድ ያረጀ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ወደ ታሰረው ገመድ እንሄዳለን። እስከ ግማሹ እወጣለሁ። ከዚያ ክንዴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጣቶቼ እኔን ሳያማክሩ ይከፈታሉ፤ የቀረው መንሸራተት ነው። መዳፌ ተላጠ፤ ቅቤ ቀብቼ አድራለሁ፤ በማግሥቱ እንደገና ይላጣል። አትጠገብ የእኔ ተቃራኒ ነበረች። ሩጫውን ከሁሉ ኋላ ትጨርሳለች፤ ጎኗን ይዛ ሣሩ ላይ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴም ያስመልሳታል። ትንሽ አረፍ ብላ ስትነሣ ግን ገመዱን እንደ ጦጣ ትወጣዋለች።

"ሁለታችንን ቆርጦ የሚሰፋን ቢገኝ ካንቺ እግር ከእኔ ክንድ አንድ ጥሩ መምህር ይወጣን ነበር" ትለኛለች ወደ ቤት ስንመለስ።

ረቡዕና ዓርብ ይበልጥ ይከብድ ነበር። ጾም ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት እህል አንቀምስም፤ ልምምዱ ግን ይኖራል። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሶውን በውኃ በጥብጠን በርበሬና ጨው ጣል አድርገንበት ስንጠጣው ከዚያ የሚበልጥ ምግብ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። እስካሁንም ብዙ አልበለጠብኝም።

መምህር ደረጀን "ክንዴ እምቢ አለኝ" ስላቸው "ይጠነክራል፤ ታገሺ" ይሉኛል። ታገሥሁ። አልጠነከረም። መስከረም እየገፋ ሄደ። ገመዱ ላይ የምደርስበት ቦታ አንድ ነው፤ መካከሉ ላይ ካለው ቋጠሮ። ያን ቋጠሮ ጠላሁት።

ለመስቀል ወደ አምበር ሄድሁ። ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ በጥር ሊያገባ ነበርና ከአባታችን ቤት ጎን ቤት እየሠራ ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣራው ገና ነው። ባሕር ዛፉን ከታች ከጅረቱ ዳር ቆርጦ ያመጣና፣ አህያ የሚጫንበትን ጠንካራ የጠፍር መጫኛ ከላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ወደ ላይ ይስብበታል።

በበዓሉ ማግሥት ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። ከመንደሩ ገና ጭስ አልወጣም። ቀና ብዬ ያን የተንጠለጠለ መጫኛ ሳየው የማርቆሱ ገመድ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። ሰው አለመኖሩን አይቼ ያዝሁት። አንድ ሁለት ጊዜ ሳብሁ፤ እግሬን ቆልፌ ደግሞ ሳብሁ። እጄ እንጨት ነካ። የምይዘው ገመድ አልቆ ነው። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ከዚያ ላይ ሆኜ ገና ያልታጨደውን ጤፍ፣ ወደ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ፣ ከሩቁ ደግሞ ጮቄን አየሁ።

አያ ሞላ ከቤት ወጣና ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ፈልገሽ ነው እዚያ የወጣሽው?"

"ምንም። ልውጣው ብዬ ነው።"

"እንግዲያ እዚያው ካለሽ ይህን እንጨት ተቀበይኝ" አለና ሥራውን ጀመረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልምምዴ እንዳይቀርብኝ እስከ አምበር ከተማ ሮጬ ተመለስሁ። መንገዱ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች "ምን ደረሰባት?" እያሉ ዞር እያሉ ያዩኛል። ስመለስ አባቴና አያ ሞላ አዲሱ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ይበላሉ። የጠዋቱን ላሳያቸው ብዬ በቀጥታ መጫኛውን ያዝሁ። ግማሹ ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣቶቼ ተከፈቱ። ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

አባቴ እሸቱን ከአፉ አውጥቶ እንዲህ አለ፦ "በእግርሽ ስንት ሺህ ክንድ ትሄጃለሽ፤ በክንድሽ ግን አንድ እግር አልወጣሽም።"

አያ ሞላ ሳቀ። ክንድ የምንሠራበትም የምንለካበትም ነው፤ እግርም እንዲሁ። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ልጁ ስትወድቅ እንኳ ነገር ሳያጣምር አይቀመጥም። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አልተቀየምሁምም። ጭቃው ላይ እንደ ተቀመጥሁ አንድ ነገር እያሰብሁ ነበር። ጠዋት ያወጣኝ ክንድ አሁን ያወረደኝ ክንድ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አልሰለለም። የተለወጠው ገመዱን ከመያዜ በፊት የሠራሁት ነገር ብቻ ነው። ሲሮጡ የሚደክመው እግር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሩጫ ሰውን ሙሉውን ነው የሚበላው።

በማግሥቱ ጠዋት ደግሜ ሞከርሁ፤ ወጣሁ። በዚያው ወርጄ ሮጥሁ፤ እግሬ ትንሽ ከበደኝ እንጂ ሮጥሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ቆሞ እያየ ወጣሁ። ስወርድ የራሱን እሸት ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ።

ወደ ማርቆስ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የማስበው ለመምህር ደረጀ ምን እንደምላቸው ነበር። በነጻ የሚደክሙልኝን ሰው "ሥርዓትዎ ለእኔ አልሆነም" ማለት ቀላል አይደለም። ደግሞም እሳቸው የሮጡ ሰው ናቸው፤ እኔ ማን ነኝ? የጨሞጋን ወንዝ ስሻገር ግን ወሰንሁ። ካልተናገርሁ ጥቅምት አልቆ በሶዬን ቋጥሬ በዚሁ ድልድይ እመለሳለሁ።

ጠዋት ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሜ ደረስሁ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ላስፈቅድዎ ነበር።"

"ተናገሪ።"

"ገመዱንና አሎሎውን አስቀድሜ ሩጫውን ላስከትል።"

ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡት። "ለምን?"

"የምወድቀው ክንዴ ደካማ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ገመዱ ጋ ስደርስ አልቄ ስለምደርስ ነው ብዬ አስባለሁ። ቤት ሞክሬዋለሁ።"

"ሳትሞቂ ገመድ ብትይዢ ጅማትሽ ይጎዳል።"

"ትንሽ ሶምሶማ ሮጬ፣ ክንዴን አፍታትቼ ነው የምጀምረው። ወደ ኋላ የማደርገው ዋናውን ሩጫ ነው።"

"ሩጫሽ ይወርዳል። አንቺን የሚያስገባሽ እኮ ሩጫሽ ነው።"

"ሩጫው ከሚበቃው በላይ አለኝ፤ ቢጎድል እንኳ ያሳልፈኛል። ገመዱ ግን የሚጎድል ነገር እንኳ የለኝም።"

መምህር ደረጀ ሰዓታቸውን ጠመዘዙት። ተቆጥተው እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ የሚነበብ ነገር የለውም። "ይህን ሳምንት እንዳልሽው ሥሪ" አሉኝ በመጨረሻ። "ቅዳሜ ሁለቱንም እለካሻለሁ። እንደ ፈተናው።"

አትጠገብ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። "እኔንስ ከማን ጋር ልታስሮጪኝ ነው?" አለችኝ። አብረሽኝ ቀይሪ ብዬ ለመንኋት፤ እምቢ አለች። "እኔ የሚገድለኝ ሩጫው ነው። ክንዴን አድክሜ ሩጫው ውስጥ ከገባሁ ማን ያወጣኛል?" ነገሯ ልክ ነው። በዚያን ሰዓት ግን ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንደምንችል አልታየኝም ነበር።

ያ ሳምንት አኩርቶኝም አዋርዶኝም አለፈ። ገመዱ ላይ ያን የጠላሁትን ቋጠሮ በመጀመሪያው ቀን አለፍሁት። በሩጫው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሌሎቹ ትኩስ ሆነው ሲጀምሩ እኔ ዋንዛው ሥር ነኝ፤ እነሱ ወደ ገመዱ ሲመጡ እኔ ብቻዬን ሜዳውን እዞራለሁ። ጉሙ ያኔ ተገፏል፤ የምሰነጥቀው ነገር የለም፤ ከኋላዬ የሚቀር ሰው የለም። ክንዴ ከጎኔ እንደ እርጥብ ግንድ ይንጠለጠላል። ካንድ የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚያዩኝ ሰዎች "ያቺ ቀጭኗ ዘንድሮ ደከመች" ሲሉ ሰማሁ። ሰው በሚታወቅበት ነገር ሲያንስ መታየት እንዲህ እንደሚከብድ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ዓርብ ላይ ወደ ድሮው ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር።

ቅዳሜ መምህር ደረጀ ለኩኝ። ገመዱን ጨረስሁ። አሎሎው ከመሥመሩ አለፈ። ሩጫውን ስጨርስ ሰዓታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

"አልፈሻል" አሉኝ። "ግን ከዳር ነሽ። ትንሽ ብትዘገዪ ወድቀሻል። በፊት በሩጫው ሰፊ ቦታ ነበረሽ፤ አሁን በሁለቱም ጠባብ መንገድ ላይ ነሽ። የትኛው እንደሚሻልሽ አንቺ ወስኚ። እኔ ልወስንልሽ አልችልም።"

በፊት በአንዱ ሰፊ ቦታ ነበረኝ፤ በሌላው ግን ምንም አልነበረኝም። "ገመዱ ይቅደም" አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አላወራንም። በቀሩት ሳምንታት ሁልጊዜ ገመዱን ጨርሼ ወደ ሩጫው ስሄድ መምህር ደረጀ ከሌሎቹ ተለይተው ሜዳው ማዕዘን ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አሯሯጤን ያዩልኛል፤ ስለ ትንፋሼ አንድ ቃል ጣል ያደርጉልኛል። ብቻዬን አልተውኝም።

የፈተናው ቀን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሐን ጠርቶ ነበር። ከደብረ ኤልያስ፣ ከመርጡለ ማርያም፣ ከየወረዳው የመጣ ልጅ ሜዳውን ሞልቶታል። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጎልማሳና ወፈር ያሉ ሰው፣ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን።

"ሩጫው በሁለት ምድብ ነው" አሉ። "ሩጫውን የምታስቀድሙ አሁን ትነሣላችሁ። ጉልበቱን የምታስቀድሙ ወደ ገመዱ ሂዱ፤ እናንተ የምትሮጡት ረፋዱ ላይ ነው።"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ መሮጫው ጎረፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጥቅምት ጠዋት ለሩጫ የተፈጠረ ነው፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወደ ገመዱ የሄድነው እፍኝ አንሞላም። እግሬ ቆመ። ሩጫው እዚያ ነው፤ ብርዱ የምወደው ብርድ ነው፤ ብገባ ከፊት እንደምወጣ አውቃለሁ። መምህር ደረጀን ፈልጌ አገኘኋቸውና "ምን ይላሉ?" አልኋቸው።

"የተለማመድሽውን ሥሪ" አሉኝ።

ገመዱ ጋ ስደርስ ወፍራሙ ፈታኝ አዩኝ። "አንቺ ሯጭ ትመስያለሽ፤ ፀሐዩ ሳይከር ሩጫውን ለምን አታስቀድሚም ልጄ?" አሉኝ።

"እግሬ ደክሞትም ይሠራል። ክንዴ ግን ገና አልለመደበትም" አልኋቸው። ፈገግ ብለው ገመዱን አቀበሉኝ።

አዲስ ገመድ ነበር፤ ከእኛው የሻከረና የወፈረ። ከላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ እሱን መንካት ነው። ጀመርሁ። ግማሹን እንዴት እንዳለፍሁ አላስታውስም። ጨርቁ ሊደርስልኝ ጥቂት ሲቀር ያ መንቀጥቀጥ መጣ። አወቅሁት። በፊት ሲመጣ መጨረሻው ነበር፤ አሁን ግን ከሱ በኋላም ትንሽ ጉልበት እንደሚኖር ሳምንታት ሙሉ አይቼዋለሁ። እግሬን ቆለፍሁ፣ አንዴ ተነፈስሁ፣ ሳብሁ። ጨርቁን የነካሁት በጣቴ ጫፍ ነው። ነካሁት ግን። አሎሎውም ከመሥመሩ አለፈ፤ ጥቂት ቢሆንም አለፈ።

የመጀመሪያው ምድብ ሩጫ ሲያልቅ አትጠገብ ግንባሯ አመድ መስሎ መጣች። ከኋላ ከጨረሱት ናት፤ ነገር ግን የተሰጠው ሰዓት ሳያልቅ ነው የገባችው። እጄን ጨብጣ ጥቂት ከተነፈሰች በኋላ ገመዱን ይዛ ወጣች። ያ ጠዋቱን ሁሉ ሲያንቀጠቅጠን የነበረ ገመድ በእሷ እጅ ሲገባ ተራ ነገር ሆነ። ቀዩን ጨርቅ በሙሉ መዳፏ መታ መታ አድርጋው ወረደች።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ፀሐዩ ሜዳውን አድርቆት አቧራው መነሣት ጀምሯል። ከመርጡለ ማርያም የመጣች አንዲት ረጅም ልጅ ከመነሻው ጀምሮ ተፈትልካ ወጣች። እግሬ ልከተላት ተነሣ፤ ልማዱ ነው። ተከትያት ብሄድ መሃል ላይ እንደምጨርስ ክንዴ ይነግረኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊቴን አልፎ ሲሄድ እያየሁ ተውሁት። ደግሞ ሌላ አለፈኝ፤ እሱንም ተውሁት። የመጨረሻው ዙር ላይ ግን ትንፋሼ አጠረ፤ ደረቴ የታሰረ መሰለኝ። ማዕዘኑ ላይ መምህር ደረጀ ቆመዋል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ክንድሽን አውርጂ" አሉኝ ሳልፍ።

ለካ ገመዱን የለቀቅሁት በእጄ ብቻ ነው፤ ትከሻዬ እስከዚያ ሰዓት ተንጠልጥሎ ነበር። ክንዴን አወረድሁ። አየሩ ገባ። የቀረውን ርቀት የሮጥሁት በልጅነቴ ዝናብ እንዳይቀድመኝ በምሮጠው ሩጫ ነው። መሥመሩን አልፌ ሣሩ ላይ ወደቅሁ፤ አትጠገብ ውኃ አፈሰሰችብኝ። ከሰዓት በኋላ ስም ሲጠራ የሁለታችንም ስም ተጠራ።

መምህር ደረጀ ወደ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ይዘውን ገቡና ትኩስ የድንች ወጥ በላን። ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ተናገሩ።

"እኔ ሯጭ ነበርሁ" አሉ። "ስለዚህ ሩጫ ይቀድማል ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ ነዳሁ። ለእኔ ልክ ነበር። ለአትጠገብም ልክ ነው፤ ሩጫውን ትኩስ ሆና ባትለማመደው ዛሬ እዚህ አትቀመጥም። ላንቺ ግን ልክ አልነበረም።"

"ታዲያ የትኛው ነው የሚቀድመው?" አለች አትጠገብ ጉርሻዋን እንደያዘች።

"ሁለታችሁም የፈራችሁትን ነው ያስቀደማችሁት" አሉ መምህር ደረጀ። "እሱ ነው የሚቀድመው።"

በሚቀጥለው ዓመት ከኮሌጅ ለእረፍት መጥቼ ወደ ሜዳው ብቅ ስል አዳዲስ ልጆች ሰብስበው አገኘኋቸው። ፊሽካውን ከመንፋታቸው በፊት እያንዳንዱን "አንተን የሚያቅትህ ምኑ ነው? አንቺንስ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። እኔን ሲያዩ በአገጫቸው ወደ ዋንዛው አሳዩኝ። ግማሹ ልጅ እዚያ ነበር። አትጠገብ መርጡለ ማርያም ተመድባ እዚያው አግብታ ቀረች፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አሳዳጊ ናት፤ በስልክ ስንገናኝ አሁንም "እግርሽ እንዴት ነው?" ትለኛለች፤ እኔም "ክንድሽስ?" እላታለሁ።

ጂሙ ውስጥ ሰላምና ናሆም መልሴን ቆመው ይጠብቃሉ።

"አንቺ የምትሠሪው ለምንድን ነው?" አልኋት ሰላምን።

ትንሽ አቀረቀረች። "እማዬ ከታመመች ወዲህ ከአልጋ ላነሣት ስሞክር ያቅተኛል። ሁልጊዜ ሰው እጠራለሁ። አንዳንዴ የሚመጣ ሰው አይገኝም።"

ናሆም ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። ይህ ልጅ ክለብ ለመግባት በየጠዋቱ የሚሮጥ ልጅ ነው፤ ሩጫ ይቀድማል የሚለው ከገዛ እግሩ ተነሥቶ ነው። ለምን ብሎ ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ አልፈረድሁበትም። "ትንሽ ታሟሙቅና ብረቱን አስቀድምላት" አልሁት። "ሩጫው ኋላ ይሁንላት። አንተ ደግሞ ለራስህ እንደ ጀመርኸው ቀጥል።" እሺ ብሎ ወገቧን እንዴት ቀጥ አድርጋ እንደምታነሣ ሊያሳያት ሄደ።

ብዙ ዓመት አስተምሬ ያየሁት ይህን ነው። ሰው የሚችለውን ማስቀደም ይወዳል፤ የሚችለው ነገር ያሞግሰዋልና። ወደማይችለው ሲዞር የሚሰጠው ጉልበት አልቆበታል። ያኔ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም" ይላል። ስንት ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። አለመፈጠር አይደለም፤ ደክሞ መድረስ ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከመሬት ስነሣ ግድግዳ መደገፍ ስለ ጀመርሁ ጠዋት የምጀምረው በጉልበቱ ነው። እርምጃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ የእግሬን ነገር ለእግሬ ትቼዋለሁ።

አሁን ኅዳር ገብቷል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በእነ ሰላም ደጅ አለፍሁ። ሰላም እናቷን በሁለት ክንዷ አቅፋ ከጓዳ አወጣቻትና ፀሐዩ ላይ ካለው ወንበር ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት። ሰው አልጠራችም። ወይዘሮ ዘውዴ ነጠላዋን አስተካክላ ዐይኗን ከፀሐዩ ከለለችና "ይታይሽ፣ ነይ ተቀመጪ" አለችኝ። "ዛሬ ውጭ ነኝ።"